ትርፍ ቤቶቼ

ባለብዙ ቤት ነኝ። የጉለሌ ጎረቤቶቼ «ተከራዩ» እያሉ የሚጠሩኝ ይህን ስለማያውቁ ነው። ፎቅ ቤት አለኝ። በረንዳው ዙሪያውን በተፈለፈለ እንጨት ያጌጠ፣ ደረጃው በሁለት በኩል የሚወርድ አዳራሽ አለኝ። የሣር ክዳን ሲያምረኝ የምገባበት ጎጆም አላጣሁም። ችግሩ አንዳቸውም ከ9 በ14 ሳንቲ ሜትር አለማለፋቸው ነው። ቤቶቼ በሙሉ በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይኖራሉ፤ ካርቶኑ አልጋዬ ሥር ይኖራል፤ አልጋዬ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለ ግቢ፣ በአንዲት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ ሰርቪሷ ደግሞ የአከራዬ ናት።

የድሮ መኖሪያ ቤቶች ያሉባቸውን ፖስት ካርዶች እሰበስባለሁ። ይህን ለሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። ቴምብር የሚሰበስብ ይከበራል፤ ሳንቲም የሚሰበስብ «ወርቅ ይኖርበት ይሆን?» ተብሎ በጥርጣሬ ይታያል። «ቤት እሰበስባለሁ» ያልኩት የሰፈራችን ደላላ ግን ስንት ቀን ሙሉ ሻይ ጋበዘኝ። በመጨረሻ ካርቶኑን ከፍቼ ሳሳየው አንዱን ካርድ አነሣ፤ ጀርባውን አየ፤ መልሶ ፊቱን አየ። «ካሬው ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። የዚያን ቀን የሻይ ሒሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ወደዚህ ያገባኝ ቤት ማጣት ነው። በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ከተመዘገበው ሕዝብ አንዱ ነኝ። ዕጣ በወጣ ቁጥር ከዝርዝሩ ላይ ስሜን እፈልጋለሁ። ስሜ አይጠፋም፤ የአባቴም ስም አይጠፋም፤ አያት ላይ ስንደርስ እንለያያለን። ዕጣ ሲጠብቅ ጸሎት የሚያበዛ አለ፤ «ከዕጣው በፊት ትዳሩ ይቅደም» ብሎ የሚያገባም አለ። እኔ ደግሞ ስቶክሆልም የምትኖር የአክስቴ ልጅ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያገኘችውን የአዲስ አበባ ቤት ካርድ ላከችልኝና በዚያው ቀረሁ። ጎረቤቴ ቤቱ አለው፣ ወረቀቱ የለውም፤ ክፍለ ከተማ ይመላለሳል። እኔ ወረቀቱ አለኝ፣ ቤቱ የለኝም፤ ቤቴ ተቀምጫለሁ።

ካርቶኑ እየሞላ ሲሄድ ግን አንድ የሕግ ስጋት ገባኝ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገበት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው አንድ ቤት ያስቀራል፤ የቀረው ሁሉ ትርፍ ነው። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተላለፈ። ያ አዋጅ የደረሰባቸው ሰዎች እስከ ዛሬ ሐምሌ 19ን ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከደረሳቸው ደግሞ እስከ ዛሬ ከቀበሌ ቤታቸው ያልወጡ አሉ። እኔ በዚያ ዘመን ብሆን ኖሮ ካርቶኔን ታቅፌ ቀበሌ ፊት መቆሜ አይቀርም ነበር። ስለዚህ በክረምት፣ ዝናቡ ከእንጦጦ ሲወርድና መብራት ሲጠፋ፣ ሻማ አበራና ካርዶቹን አልጋው ላይ ዘርግቼ ራሴን እመረምራለሁ፤ «አንዱን ብቻ አስቀር» ብባል የትኛውን ላስቀር?

ቤት የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የቤቱን ዕድሜ ይጠይቃል። ካርድ ላይ ዓመት እምብዛም ስለማይታተም እኛ የምንጠይቀው ባህር ዛፉን ነው። ባህር ዛፍ ከአውስትራሊያ የገባው በ1880ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን በማገዶ አልቆ ስለነበር ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያቆያት ቶሎ የሚያድገው ባህር ዛፍ ነው ይባላል። እንግዲህ ከቤቱ ጀርባ ያለው ኮረብታ ራሰ በራ ከሆነ ካርዱ የጥንት ነው። ችግኙ ከአጥሩ በላይ ብቅ ካለ ትንሽ ቆይቷል። ዛፉ ቤቱን ከሸፈነው ባለቤቱ ልጅ ድሯል ማለት ነው።

ጣራም ይመሰክራል። ቆርቆሮ መጀመሪያ በግመልና በበቅሎ ጀርባ፣ ኋላ በባቡር ነው የመጣው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ሐዲዱ በቀረበ ቁጥር በካርዶቹ ላይ የሚያብረቀርቅ ጣራ እየበዛ ይሄዳል። የሣር ክዳን ምስክርነት ግን አይታመንም። መኳንንቱ ቆርቆሮ ካለበሱ በኋላም ድሃው ሣሩን ይዞ ቆይቷልና፣ በጎጆ ጣራ ዘመን ሊቆጥር የተነሣ ሰብሳቢ ድሃ በዓመተ ምሕረት እንደማይኖር ቶሎ ይማራል።

ቀጥሎ ግድግዳው አለ። የዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ባለጸጋ ቤት ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨትና ጭቃ ነው። ፎቁን በረንዳ ይከበዋል፤ የጣራው ጠርዝ በተፈለፈለ ጣውላ ይከፈፋል። በሥራው ላይ የህንድ አናጢዎችና የአርመን ግንበኞች እጅ አለበት፤ አርመናዊውን ሚናስ ከርቤኪያንን የመሰሉ ሠሪዎች በፒያሳና በአካባቢዋ ስማቸውን የተከሉት በዚያ ዘመን ነው። በመጨረሻ አጉሊ መነጽር ይወጣል። በዚያን ጊዜ ብዙ ካርድ የሚታተመው በኮሎታይፕ ስለነበር በመነጽር ሲታይ ደቃቅና ሥርዓት የለሽ ቅንጣት ነው ያለው። ነጠብጣቡ ተሰልፎ ከቆመ መጠራጠር ነው። ሻይ ተነክሮ ያረጀ ካርድም አጋጥሞኛል፤ እሱን ለመለየት መነጽር አያስፈልግም፣ ቅርንፉዱ ይሸታል።

ፖስት ካርድ ራሱ ከአዲስ አበባ ብዙም አይበልጥም። ኦስትሪያ ሃንጋሪ የመጀመሪያውን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። የእኛ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሰባቱ የመጀመሪያ ቴምብሮቻችን ፓሪስ ነው የታተሙት፤ በረከሱት ላይ ምኒልክ፣ በተወደዱት ላይ የይሁዳ አንበሳ አሉ። ይሁንና ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ ባሕር ማዶ የሚሻገር ካርድ የፈረንሳይ ቴምብርም ይጨመርበት ነበር። አንበሳው በዋስ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

የፈረንሳዮች ነገር ለሰብሳቢ ሌላም ጣጣ አለው። ቴምብሩን በአድራሻው በኩል መለጠፍ ሲገባ በሥዕሉ በኩል መለጠፍ ይወዱ ነበር። ከዓመታት በኋላ ካርዱ የቴምብር ሰብሳቢ እጅ ይገባል። የቴምብር ሰብሳቢ ደግሞ ቤት አይታየውም፤ በእንፋሎት አላቅቆ ቴምብሩን ይወስዳል፣ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ጨምሮ። ከቤቶቼ መካከል ጣራቸው በዚህ መንገድ የተገነጠለ አሉ። የማፍሰስ ነገር የሰርቪሷ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በካርቶኑ ውስጥም ተከትሎኛል።

ፎቶ አንሺዎቹና አሳታሚዎቹ በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሐይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወረሱ። ድሬዳዋ ላይ ሚሼል የሚባል የቴምብር ነጋዴ ካርድ ያሳትም ነበር። ገዢዎቹ የሌጋሲዮን ሰዎች፣ ነጋዴዎችና የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ መሬቱ የእኛ፣ ቤቱ የእኛ፣ አናጢው ህንድ፣ ፎቶ አንሺው አርመን፣ ጽሑፉ ፈረንሳይኛ፣ አንባቢዋ ደግሞ ማርሴይ የምትኖር አክስት ሆነች። የእኛ ሰው ካርዱን አልገዛም። ምን ሊያደርግለት? ቤቱን ማየት የፈለገ በደጁ ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ ነገር ነው። እነዚህ ቤቶች በፖስታ ዓለምን ዞረዋል፤ ወደ እነሱ ግን ፖስታ መጥቶ አያውቅም። በዚህ ከተማ ደብዳቤ የሚመጣው ለፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ሣጥን የሌለው ሰው ሣጥን ባለው መሥሪያ ቤት፣ ሣጥን ባለው ዘመድ፣ ወይም ሣጥን ባለው ቤተ ክርስቲያን በኩል ይጻፍለታል። የእኛ ግቢ አድራሻ ይኸውና፦ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ፣ ሸማኔዎቹን አልፎ፣ ሱቋ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ፣ ሰማያዊ በር፣ ውሻ አለ። ይህን የትኛው ቴምብር ይሸከመዋል?

ወደ ምርጫዬ ልመለስ። አንደኛው ዕጩ እንጦጦ ላይ ያለው የምኒልክ ቤት ነው፤ ለእኔም ቅርብ ነው። ግድግዳው ኖራ የተቀባ ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። አጠገቡ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም አለች። ቤቱ ያምራል፤ ለመኖሪያ ግን ልብ ያስፈልጋል። እቴጌ ጣይቱ ብርዱን ትተው ፍል ውሃ ወርደው ያዲሱ ከተማ ምክንያት የሆኑት ከዚያ ተራራ ተነሥተው ነው። እሳቸው ያን ሁሉ ሠራዊት፣ ያን ሁሉ በርኖስ፣ ያን ሁሉ ጠጅ ይዘው ያልቻሉትን ብርድ እኔ በአንድ ብርድ ልብስ አልሞክረውም።

ሁለተኛው በታላቁ ቤተ መንግሥት ያለው እንቁላል ቤት ነው። ጉልላቱ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ግንብ ሲሆን ምኒልክ ከላዩ ሆነው ከተማውን በመነጽር ይቃኙ ነበር ይባላል። እዚያ መኖር አጓጊ ነበር፤ ግን ግቢው ከመስከረም 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድነት ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ ተከፍቷል። ትኬት ቆርጦ የገባ ቤተሰብ በጋቢ ተጠቅልዬ ጥርሴን ስፍቅ ባያየኝ ይሻላል።

ሦስተኛው የሼህ ኆጀሌ አል ሐሰን ቤት ነው፤ ይኸውም እዚሁ ጉለሌ፣ ሸጎሌ። ሼህ ኆጀሌ ግብራቸውን በወርቅ ያስገቡ የነበሩ የቤንሻንጉል ገዥ ናቸው፤ ቤታቸውም ለወርቅ ገባሪ የሚገባ ሰፊ ባለ ፎቅ ነው። እሱን ባስቀር ከጉለሌ ሳልወጣ እከብራለሁ። ነገር ግን አስቡት፤ ያን ሁሉ ክፍል ማን ይጠርገዋል? ያን ሁሉ ጣውላ ማን ይወለውለዋል? እኔ ለሰርቪሷ መጥረጊያ የምገዛው አከራዬ «የአንተ ነገር!» ሲሉኝ ነው።

ስለዚህ ሁልጊዜ የማርፈው አራተኛው ላይ ነው። መካከለኛ ቤት ነው፤ ባለ በረንዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከጀርባው ኮረብታ። በረንዳው ላይ ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ከሥሩ በፈረንሳይኛ «የአንድ አበሻ ሹም ቤት» ይላል። የሹሙ ስም የለም። የአሳታሚው ስም ግን በጠርዙ በኩል በደቃቅ ፊደል በደንብ ተጽፏል። ይህን ቤት የመረጥኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባለቤቱ ስለማይታወቅ ነው። ባለቤት የሌለው ቤት በአዲስ አበባ በየቀኑ አይገኝም።

በአንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ካርዱን ይዤ ወደ አከራዬ ወደ እማማ ቡና ገባሁ። በአቦሉ እማማ መነጽራቸውን አደረጉ፤ «ይሄማ የፊታውራሪ ቤት ነው፤ እናቴ ጠጅ ጥላላቸዋለች፤ እኔም በልጅነቴ እዚህ በረንዳ ላይ ወድቄያለሁ» አሉና ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩን። በቶናው የእድራችን ጋሼ ካርዱን ነጠቁ። «የምን ፊታውራሪ! ይህ ኮረብታ ከቀጨኔ በላይ ያለው ነው። ባለቤቱ ግራዝማች ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ስለ አጥር ተካሰዋል። ማን እንደረታ እንዳትጠይቀኝ» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ነገሩን ግን እስከ ሰበር አደረሱት። በበረካው እስካሁን ዝም ያሉት የጎረቤት እናት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በረንዳው ላይ ከቆሙት ከግራ ሦስተኛዋ አያታቸው መሆናቸውን፣ ስለዚህም ከቤቱ ላይ ድርሻ እንዳላቸው በትሕትና ገለጹ።

«ቤቱ እኮ ካርድ ነው» አልኩ።

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም፣ ልጄ» አሉ ጋሼ። «ይርጋው እንኳ ገና አልሞላም።»

ዕጣኑ ሲያልቅ ባለቤት ያልነበረው ቤቴ ሦስት ባለቤት፣ አንድ የድንበር ክስና አንድ ወራሽ ነበረው። ማን እውነት እንደተናገረ አላውቅም። ያ ካርድ መቶ ዓመት ያህል በሰው አገር መሳቢያ ውስጥ ሲኖር «ይህ የማን ቤት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ግን አልጠራጠርም። ጀርባው ላይ የጻፈችው እመቤትም ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቅሎዋና ስለ ጉንፋኗ ነው ያወራችው። በእኛ ሰፈር ስም አልባ ቤት ሦስት ዙር ቡና አይቋቋምም። እውነተኛው ባለቤት ከሦስቱ አንዱ ባይሆን እንኳ፣ የሚከራከሩበት ሰዎች ማግኘቱ «አንድ ሹም» ተብሎ ከመቅረት ይሻለዋል።

ከዚያ በኋላ እማማ ለነገሩ ፍቅር አደረባቸው። የአዲስ አበባን የ1879–1933 ዓ.ም. ሥነ ሕንፃ የያዘውን የአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስንና የዴኒ ዤራርን መጽሐፍ ተውሼ ባመጣላቸው ገጽ በገጽ ገለጡት፤ የራሱን ቤት፣ የደጃዝማቹን ቤት፣ የነጋዴውን ቤት። ጨርሰው ከደኑትና «የእኔስ?» አሉ።

ጥያቄያቸው አስደነገጠኝ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ያየሁት ትዝ አለኝ። በዚያ ሰሞን ባለ ስልኩ ሁሉ ቦያጂያን ሆኖ ነበር። ስንት ዘመን በደጁ ሲያልፉ ቀና ብለው ያላዩትን በረንዳ ሰዎች በጥድፊያ ያነሡት ነበር። በአገራችን ቤት ፎቶ የሚነሣው ወይ እንግዳ ሲመጣ ነው፣ ወይ ዶዘር ሲመጣ። በመካከሉ ሰው የተወለደበት፣ የተዳረበትና ተዝካር የበላበት ዘመን ሁሉ ፎቶ የለውም። የእማማ ቤት ጭቃ ነው፤ ባለቤታቸው በጃንሆይ ጊዜ በገዛ እጃቸው ያቆሙት፣ ባህር ዛፍ ማገር፣ ቆርቆሮ ክዳን። ሹም አልኖረበትም፤ ፈረንሳዊ አላየውም። የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አይገባም።

«የእርስዎን ካርድ እኔ አሳትማለሁ» አልኩ።

ዝግጅቱ የሠርግ ያህል ሆነ። ግድግዳው ኖራ ተቀባ። ጄሪካኖቹ ተደበቁ። ዶሮዎቹ ታሰሩ። ዲሹን ልሸፍነው ስል እማማ ተቆጡ፤ «እሱማ ይታይ! መብራት የሌለን ሊመስላቸው ነው?» ራሳቸው ከሽሮ ሜዳ ያሠሩትን ጥበብ ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆሙ። እኔንም ከሰርቪሷ በር ላይ አቆሙኝ። ጽሑፉን እሳቸው ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ሙሉ ስማቸው ከነአያታቸው፣ የሟች ባለቤታቸው ስም ከነማዕረጋቸው፣ ቤቱ የተሠራበት ዓመት፣ ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩ። የአሳታሚው ስም ይግባ አይግባ ብዬ ብጠይቅ «ቦታ ከተረፈ» አሉ። አልተረፈም። እኔን ግን አልረሱኝም፤ ከሥር በኩል «በስተቀኝ፦ ተከራዩ» ይላል።

ማተሚያ ቤቱ ከመቶ በታች አላትምም ስላለ መቶ ታተመ። እድሩ ወሰደ፣ ማኅበሩ ወሰደ፣ የጎረቤት እናት ወሰዱ። አንዱ ካርድ በአንድ ዘመድ የፖስታ ሣጥን በኩል ተመላሽ አድራሻ ተጽፎለት አሜሪካ ወዳለችው የእማማ ልጅ ሄደ። ደረሰም። ልጅቱ ደውላ አለቀሰች፤ ለጓደኞቿ አሳየች፤ ጓደኞቿም የየእናታቸውን ቤት ካርድ ፈለጉ። እማማ የሰሙትን ሁሉ ለግቢው ሲያወሩ ሰነበቱ።

በወሩ መጨረሻ ኪራይ ልከፍል ስገባ ብሩን ቆጠሩና አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ቤቱ እኮ አሁን አሜሪካ ድረስ የታወቀ ነው» አሉና ሌላ ቁጥር ጠሩ።

እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ ሕግ ጠቀስኩ። «እማማ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል እኮ! አከራይ እንደፈለገ ኪራይ መጨመር አይችልም።»

«አውቃለሁ፤ በሬዲዮ ሰምቻለሁ» አሉ፣ ካርዱን ከግድግዳው አውርደው በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ። «እሱ አዋጅ ለቤቱ ነው። እኔ የጨመርኩብህ የታሪኩን ነው።»